አባ ጎርጎርዮስ፡ ቃላቸው ባሕር የተሻገረ፣ እርሳቸው ግን ለአገራቸው ያልበቁ ሊቅ

ማለዳ በላስታ ብርድ ነው። በአሸተን ተራራ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ወደ ቅዱስ ላሊበላ ደብር ሲወርድ፣ ደበሎ የደረቡ የአብነት ተማሪዎች ከመምህራቸው ደጅ ተሰብስበው ግሥ ያጠናሉ። የሚጨበጥ መጽሐፍ ሁሉም የለውም። መዝገቡ የመምህሩ አእምሮ ነው፤ ቃሉም ከአፍ ወደ ጆሮ ይተላለፋል።

ተማሪው አንድ የግእዝ ቃል ሲሰጠው አስቀድሞ ቃሉን ይገፍፈዋል። ከፊት የተጨመረውን ፊደል ያነሣል፤ ከኋላ የተቀጠለውን ይለያል፤ የቀሩትን ይቆጥራል። ሊቃውንቱ ለዚህ መለኪያ የሚሆኑ ስምንት አርእስተ ግሥ አሏቸው፤ እነዚህም ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ እና ቆመ ናቸው። ሤመና ቆመ ሁለት ሁለት ፊደል፣ አእመረ አራት፣ የቀሩት ሦስት ሦስት ፊደል ናቸው። በሺህ የሚቆጠረው ግሥ ሁሉ በፊደሉ ብዛትና በድምፁ ከእነዚህ በአንዱ ሥር ይመደባል።

ቃልን በፊደሉ ቁጥርና በሥሩ የመፈለግ ጥበብ ለአበው ልጆች የዘወትር ትምህርት ነው። ለአውሮፓ ሊቃውንት ግን ለረጅም ዘመን የተቆለፈ ቤት ነበር። ከዛሬ 370 ዓመታት ገደማ በፊት የዚያን ቤት በር ከከፈቱት መካከል ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ከወሎ ምድር የወጡት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የሕይወታቸው ታሪክም ከላስታ ተራሮች ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ1595 ገደማ እንደሆነ ይነገራል፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አገራቸው ጥንት ቤተ አምሐራ ይባል በነበረውና ዛሬ በደቡብ ወሎ በሚገኘው ምድር ያለው መካነ ሥላሴ ነው። ወገናቸውም ከመኳንንት ነበር።

መካነ ሥላሴ ስመ ጥር ደብር ነበረች። አፄ ናዖድ አስጀምረዋት አፄ ልብነ ድንግል አስፈጽመዋታል። በወርቅና በብር ያጌጠችው ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1531 በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጥላ ጠፋች። አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት ከዚያ እሳት በኋላ ስድሳ ዓመት አልፎ ነው። ሆኖም የደብሩ ስም ከአገሩ ስም ጋር ተጣብቆ ቀርቶ ነበርና፣ በስደት በኖሩባቸው ዓመታት ሁሉ የመካነ ሥላሴ ሰው ተብለው ይታወቁ ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው ግእዝን ጠንቅቀው አወቁ። የአፍ መፍቻቸው አማርኛ ነበር። በዚያ ዘመን መጽሐፍ የሚጻፈው፣ ቅዳሴ የሚቀደሰውና ታሪከ ነገሥት የሚመዘገበው በግእዝ ነው። አማርኛ የገበያው፣ የእርሻው፣ የሠራዊቱና የቤተ መንግሥቱ መነጋገሪያ ሆኖ ሳለ፣ በብራና ላይ የሰፈረው እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ የውጭ ሰው ግእዝን ከመጻሕፍት ሊማር ቢችል እንኳ አማርኛን የሚያገኘው ከሰው አፍ ብቻ ነበር። ይህ ጉዳይ ኋላ በአባ ጎርጎርዮስ ሕይወት ውስጥ ትልቅ ቦታ ያዘ።

ዘመኑ የሰላም አልነበረም። በ1622 አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። በ1625 ከሮም የተሾሙት ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ሕዝቡ ዳግም እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግም ክህነት እንዲቀበሉ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን እንዲለወጥ፣ ግዝረት እንዲቀር ታዘዘ። አባቶቹ በኖሩበት ሥርዓት ይኖር የነበረው ገበሬ ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ ጀንበር ባዕድ ሆነችበት።

ከተነሡት አመፆች ሁሉ የበረታው የላስታው ነበር። የላስታ ሰው ተራራውን ምሽግ፣ ገደሉን ቅጥር አድርጎ፣ ከነገሥታት ወገን የሆነውን መልክዐ ክርስቶስን መሪው አድርጎ ቆመ። የንጉሡ ጦር ለዓመታት ወደ ላስታ እየዘመተ በብርድና በገደል እየተጎዳ ተመለሰ። በሰኔ 1632 መልክዐ ክርስቶስ ከደጋው ወርዶ ከጣና በስተ ምሥራቅ ወይና ደጋ በተባለ ስፍራ ከንጉሡ ጦር ጋር ገጠመ።

ድሉ የንጉሡ ሆነ። ከላስታ ወገን የወደቁት ስምንት ሺህ ያህል እንደነበሩ በዘመኑ የነበሩ ሚሲዮናውያን መዝግበዋል። ነገር ግን ሜዳው ላይ የተረፈረፈው አረማዊ ወይም ባዕድ ሳይሆን የገዛ ወገን፣ ክርስቲያን ገበሬ መሆኑን ያዩት መኳንንት ለንጉሡ እያዘኑ እንደነገሯቸው ታሪክ ያወሳል። አፄ ሱስንዮስ በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ። ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀው በዚያው ዓመት ዐረፉ። ላስታ በጦርነቱ ብትሸነፍም የተነሣችለት ዓላማ ተፈጸመ።

ይህ ለውጥ የአባ ጎርጎርዮስን ዕጣ ወሰነ። እርሳቸው ከፓትርያርክ ሜንዴዝ ጋር ቅርበት ነበራቸው። አፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ከአገር ሲያስወጡ፣ ከእነርሱ ጋር የተቆራኘ ኢትዮጵያዊም በአገሩ መኖር አልቻለም። ለላስታ ሰው የድል ዜና የሆነው አዋጅ ለአባ ጎርጎርዮስ የስደት መንገድ ሆነ። አርባ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው የተወለዱበትን ምድር ለቀው ወጡ። ዳግመኛም አላዩትም።

ከዓመታት እንግልት በኋላ መጠጊያ ያገኙት ሮም ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ይህ ቤት ለግእዝ ባለውለታ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮም ከኢትዮጵያውያን ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል አሳተመ፤ በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍም እርሱ ነው። በ1548 እና በ1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን እዚያው ሮም በግእዝ አሳተሙ። አባ ጎርጎርዮስ የገቡት በዚህ ቤት፣ በእነዚህ አበው እግር ተተክተው ነው።

በዚያው ወቅት ኤርፉርት በተባለች የጀርመን ከተማ አንድ ወጣት ከግእዝ ጋር ይታገል ነበር። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ ነው፤ የተወለደው በ1624 ነው። ሃያ አምስት ያህል ቋንቋዎች ያውቅ እንደነበር ይነገርለታል። ግእዝን የተማረው ግን ያለ መምህር፣ በእጁ ከገቡት ጥቂት የታተሙ መጻሕፍት ነበር። በ1638 ያዕቆብ ዌመርስ የተባለ ካህን አንድ የግእዝ መዝገበ ቃላት ሮም ላይ አሳትሞ ነበር፤ ሉዶልፍ ግን በእርሱ አልረካም።

የወጣቱ ችግር ምን እንደነበር ለመረዳት የግእዝን ቃል አፈላለግ ማየት ይበቃል። በእንግሊዝኛ ወይም በላቲን አንድን ቃል ከመዝገብ ለማግኘት የመጀመሪያውን ሆሄ ማወቅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የግእዝ ሊቅ ግን የቃሉን ሥር ይፈልጋል። የላሊበላውን ታላቅ ቤተ መቅደስ ስም እንውሰድ፤ መድኃኔ ዓለም ይባላል። መድኃኔ የሚለውን ቃል ከመ ሥር የሚፈልግ አይሳካለትም። መ የተጨመረች ናት፤ እርሷ ስትነሣ ድኅነ የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ግሥ ብቅ ይላል። ትርጓሜው ዳነ ነው። መድኃኒትም፣ ድኅነትም፣ መድኀንም ከዚያ ከአንዱ ሥር የበቀሉ ናቸው።

ሥሩን ያገኘም ቢሆን ፊደሉን ካሳተ ይጠፋበታል። በአማርኛ ንግግር አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጡ ፊደላት በግእዝ ሞክሼ ተብለው የሚታለፉ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ትርጉም ይለውጣሉ። በንጉሡ ሠ የተጻፈ ሠረቀ፣ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ፀሐይ የምትወጣበት አቅጣጫ ምሥራቅ የተባለውም ከዚህ ነው። በእሳቱ ሰ የተጻፈ ሰረቀ ግን የሌባ ሥራ ነው። በሀሌታው ሀ የተጻፈ መሀረ አስተማረ ሲሆን፣ በሐመሩ ሐ የተጻፈ መሐረ ይቅር አለ ማለት ነው። ሰአለ ለመነ፤ ሠዐለ ሥዕል ሣለ። በፊደል ልዩነት ብቻ ለማኙ ሠዓሊ፣ መምህሩ ይቅር ባይ ይሆናል።

በቁጥርም ቢሆን የሁለቱ ዓለማት ፊደል አይገጥምም። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይይዛል። ላስታ ብለን ስንጽፍ ሦስት ፊደል ነው፤ በላቲን ሆሄያት ግን አምስት ይሆናል። ላሊበላ ለእኛ አራት፣ ለእነርሱ ስምንት ነው። ሃያ ስድስቱ የግእዝ ፊደላት በሰባት ሰባት እየተዘረዘሩ 182 ይሆናሉ። ወጣቱ ሉዶልፍ ይህን ሁሉ ብቻውን ቆጥሮና ለይቶ ነበር። ያጣው ድምፁን ነው። ፊደሉን በዓይኑ ያውቀዋል፤ ሲነበብ ግን አንድም ቀን በጆሮው ሰምቶት አያውቅም።

በ1649 ሉዶልፍ የስዊድን ንግሥት ክርስቲና ይፈለጉላት የነበሩ ሰነዶችን ለማሰስ ወደ ሮም ተላከ። ሰነዶቹን አላገኘም። ነገር ግን ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ሄዶ ኢትዮጵያውያኑን አገኘ። የሃያ አምስት ዓመቱ ወጣት በመጽሐፍ የተማረውን ግእዝ አፉን ከፍቶ ሲናገር፣ መነኮሳቱ ሳቃቸውን መቆጣጠር እንዳቃታቸው እርሱ ራሱ ኋላ ጽፎታል። የቃሉን መልክ አውቆ ድምፁን ስቶ ነበርና።

ሳቁ ግን ማባረሪያ አልሆነም። አባ ጎርጎርዮስ ወጣቱን ተቀበሉት። መጀመሪያ ላይ ሁለቱን የሚያገናኝ የንግግር ቋንቋ አልነበራቸውም። ግእዝ ለሁለቱም የመጽሐፍ ልሳን እንጂ የጨዋታ ቋንቋ አልነበረምና፣ ከአፍ ይልቅ በጽሑፍ መግባባት ቀለላቸው። ከኢትዮጵያዊት እናትና ከፖርቱጋላዊ ዘር የተወለደው አንቶኒዮ ዳንድራዴም በመካከላቸው አስተረጎመ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ስደተኛ መነኩሴ ለሃያ አምስት ዓመቱ ጀርመናዊ የየኔታን ሥራ ጀመሩለት። የፊደሉን ድምፅ አሰሙት፤ የቃላቱን ትርጓሜ አቀኑለት፤ ከዚያም መጽሐፍ ሊሰጠው ያልቻለውን አማርኛን አስተማሩት።

የሉዶልፍ ዕውቀት በጀርመን ወሬው ተሰማ። ጎታ በተባለች ከተማ ይገዛ የነበረው፣ በመንፈሳዊነቱ የታወቀው መስፍን ኤርንስት ስለ ኢትዮጵያ ከኢትዮጵያዊ አንደበት ሊሰማ ወደደ። አባ ጎርጎርዮስም ተጋብዘው ከጣሊያን ተነሡ። የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ጀርመን ገቡ፤ ሉዶልፍም ኑረምበርግ ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። በሰኔ 1652 ጎታ ደረሱ፤ ማረፊያቸውም ፍሪደንሽታይን የተባለው የመስፍኑ ግንብ ሆነ።

መስፍኑ ግንቡን በሰላም ስም የጠራበት ምክንያት ነበረው። ጀርመን በሃይማኖት ሰበብ ተጀምሮ ሠላሳ ዓመት ከቆየ ጦርነት የወጣችው በ1648፣ አባ ጎርጎርዮስ ከመድረሳቸው አራት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ነው። መንደሮቿ ተቃጥለው፣ እርሻዎቿ ጦም አድረው ነበር። እንግዳውም ከእንዲህ ያለ አገር የመጡ ናቸው። በሃይማኖት ምክንያት ወንድም ወንድሙን ወይና ደጋ ላይ ሲያርድ፣ ዘመኑን በዓይናቸው አይተዋል። ካቶሊኩ ከፕሮቴስታንቱ በተፋጀበት ምድር ላይ፣ ከካቶሊኮች ጋር የተሰደዱት ኢትዮጵያዊ በፕሮቴስታንቱ መስፍን ማዕድ ተቀምጠው ስለ ኦርቶዶክሳዊት እናት ቤተ ክርስቲያናቸው ይጠየቁ ነበር።

ጥያቄው ብዙ ነበር። ስለ ጥምቀት፣ ስለ ቁርባን፣ ስለ ጾም ይጠይቋቸዋል። ስለ ነገሥታቱ አሿሿም፣ ስለ ግዛቱ ስፋት፣ ስለ ወንዞቹና ተራሮቹ፣ ስለ እንስሳቱና ዕፅዋቱ ይጠይቋቸዋል። ሉዶልፍ አጠገባቸው ተቀምጦ ይጽፋል። አውሮፓ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ስለ ኢትዮጵያ ከምታውቀው ብዙው ወሬ ነበር። ቄስ ዮሐንስ ስለተባለ ባለ ታላቅ ሀብት ንጉሥ ተረት ይነገር ነበር፤ ኢትዮጵያን ያላየ ሉዊስ ዴ ኡሬታ የተባለ ጸሐፊም በ1610 ተረቱን በመጽሐፍ አብዝቶት ነበር። አሁን ግን አገሩን በእግራቸው የረገጡ፣ የየቦታውን ስም በትክክል የሚጠሩ ሰው ተገኙ።

የአውሮፓው በጋ ሦስት ወር ያህል ቆየ። በላስታና በቤተ አምሐራ ክረምት ሆኖ ዝናቡ በሚወርድበት ወራት ጎታ ላይ ፀሐይ ነበር። መስከረም ሲገባ ነገሩ ተገላበጠ፤ በአገራቸው ዐደይ አበባ ሲፈነዳ በጀርመን ብርዱ ጀመረ። ለአባ ጎርጎርዮስ የሰሜኑ ክረምት የሚቻል አልሆነም። ከሉዶልፍ ጋር ተሰነባብተው ወደ ጣሊያን ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ግንኙነታቸው በደብዳቤ ሆነ፤ ደብዳቤውም በግእዝ ይጻፍ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ አንዱ በጀርመን ሌላው በጣሊያን ሆነው፣ ሁለት ሰዎች በአክሱም ልሳን ናፍቆታቸውን ይለዋወጡ ነበር።

የአባ ጎርጎርዮስ ናፍቆት ግን ሌላም ነበር፤ አገር። ከሃያ ዓመታት በላይ በባዕድ ምድር ኖረዋል። ስድሳ ዓመታቸውን አልፈዋል። በ1658 ወደ ምሥራቅ በሚሄድ መርከብ ተሳፈሩ። መርከቡ ዛሬ በቱርክ ግዛት ኢስከንደሩን በምትባለው፣ ያን ጊዜ እስክንድሬታ በተባለችው ወደብ አጠገብ በባሕር አደጋ ተሰበረ። አባ ጎርጎርዮስም በዚያው ሕይወታቸው አለፈ። ከመካነ ሥላሴ የወጣው ረጅም መንገድ በሶርያ ባሕር ዳርቻ ተቋረጠ።

በሞቱበት ጊዜ ያስተማሩት ቃል ገና አልታተመም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1661፣ የሉዶልፍ የግእዝ መዝገበ ቃላትና የግእዝ ሰዋስው ለንደን ላይ ታተሙ። የኅትመቱን ሥራ የተከታተለው ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌበን የተባለ ደቀ መዝሙሩ ነው። ሉዶልፍ ግን ደቀ መዝሙሩ በጨማመረው ነገር አልተደሰተም። ቃልን ከባለቤቱ አፍ የተቀበለ ሰው ያልተጣራ ቃል በስሙ ሲወጣ ማየት አልወደደም። ሥራውን ለአሥርት ዓመታት ሲያርም ኖሮ መዝገበ ቃላቱን በ1699፣ ሰዋስውን በ1702 ፍራንክፈርት ላይ እንደገና አሳተመ።

በ1681 ታላቁ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ በላቲን ወጣ። በዓመቱ በ1682 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ላይ ታተመ። በዚያ መጽሐፍ የዛጉዌ ነገሥታት ታሪክ አለ፤ የቅዱስ ላሊበላ ስምና ከዓለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ተጠቅሰዋል፤ የላስታ ሰው በአፄ ሱስንዮስ ላይ የተነሣበት ታሪክም ተተርኳል። አባ ጎርጎርዮስን ከአገር ያስወጣው ያ ዘመን እርሳቸው ባስተማሩት ሰው ብዕር ለዓለም ተነገረ። በ1683 ደግሞ ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ካርታ አወጣ፤ ከመነኩሴው የሰማው የአገሩ መልክዐ ምድርም ለካርታው ግብዓት ሆኖታል።

ስለ ኢትዮጵያ የሚጻፈው ነገር በእንግሊዝ አገር አንባቢ አላጣም። የመጀመሪያው ስመ ጥር እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሳሙኤል ጆንሰን በወጣትነቱ፣ በ1735፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢትዮጵያ የነበረውን የሚሲዮናዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሟል። መዝገበ ቃላቱን በ1755 ካሳተመ ከአራት ዓመት በኋላም ራሴላስ የተባለ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ባለታሪኩ በአምሐራ ተራሮች መካከል ያደገ የሐበሻ ልዑል ነው። የእንግሊዝኛን ቃላት በሆሄ ቅደም ተከተል የደረደረው ሰው ልቡን ወደ እነዚህ ደጋዎች መላኩ የዘመኑን የኢትዮጵያ ዝና ያሳያል።

ከሁሉ የዘገየው የአማርኛው ሥራ ነበር። በ1698፣ አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ ወጡ። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨን የመሳሰሉት፣ ግእዝ የማያውቃቸው የአማርኛ ፊደላት በዚህ ሥራ ቦታቸውን ያዙ። ሉዶልፍ ያን ጊዜ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ለአማርኛው ዋነኛ ምንጩ በወጣትነቱ ከመምህሩ የሰማውና የጻፈው ነበር። ገበሬው በእርሻው፣ ነጋዴው በገበያው ሲናገረው የኖረው ቋንቋ መጀመሪያ በመዝገበ ቃላት የታተመው በስደተኛ መነኩሴ ትዝታ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ሉዶልፍ ውለታውን አልደበቀም። በ1691 ለታሪክ መጽሐፉ ባወጣው ሰፊ ማብራሪያ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስን ምስል በመዳብ አስቀርጾ አሳተመ፤ የአብሮነታቸውንም ታሪክ ጻፈ። መልካቸው እስከ ዛሬ የሚታወቀው በዚያ ሥዕል ነው። እርሱም በ1704 ፍራንክፈርት ላይ አረፈ። የአባ ጎርጎርዮስ የግእዝ ደብዳቤዎች ተጠብቀው ቆይተው በ1890 እና በ1891 በዮሐንስ ፍሌሚንግ ታተሙ።

ከዚያ ወዲህ የቃሉ መዝገብ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። ጀርመናዊው አውጉስት ዲልማን በሉዶልፍ መሠረት ላይ ገንብቶ በ1865 ትልቁን የግእዝ መዝገበ ቃላት አወጣ። ኢትዮጵያውያን ሊቃውንትም የራሳቸውን መዝገብ በራሳቸው ሥርዓት ሠሩ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግሥ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አማካይነት በ1948 ዓ.ም በኢትዮጵያ አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ ታተመ። ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረው ግሥ በአገሩ ልጆች እጅ በአገሩ ምድር መጽሐፍ ሆነ።

ዛሬ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ተብሎ ይጠራል። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከልም በስሙ ተሰይሟል። ክብሩ የሚገባው ነው፤ ሥራው ግን የሁለት ሰዎች ነበር። አንዱ ፊደሉን ቆጥሮ መጣ፤ ሁለተኛው ድምፁንና ትርጓሜውን ይዘው ጠበቁት። ያለ አባ ጎርጎርዮስ የሉዶልፍ ግእዝ መነኮሳቱን ያሳቀ ግእዝ ሆኖ ይቀር ነበር፤ አማርኛውም ባልተጻፈ ነበር።

የሁለቱ ታሪክ ለዚህ ዘመንም የሚነግረው አለ። ዛሬ ስልክ የያዘ ወጣት የፈለገውን ቃል በቅጽበት ይፈልጋል። ፈላጊው መሣሪያ ግን የሚያገኘው በትክክለኛው ፊደል የተጻፈውን ነው። ምሥራቅን በንጉሡ ሠ የጻፈና በእሳቱ ሰ የጻፈ ሁለት ሰው፣ አንድ ነገር እየፈለጉ ሊተላለፉ ይችላሉ። የፊደሉን ለይቶ ማወቅ ጥበብ የጠበቀው በመጀመሪያ መዝገብ ሳይሆን ሰው ነው፤ ያም ሰው በአብዛኛው በአብነት ትምህርት ቤት፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ውርጭ ታግሦ የተማረ ነው።

በላስታ ተራሮች ያ ትምህርት ዛሬም አለ። ደበሎ የደረበው ተማሪ የተሰጠውን ቃል ይገፍፋል፤ የቀሩትን ፊደላት ይቆጥራል፤ ሥሩን ሲያገኝ ለመምህሩ ይናገራል። የሳተ እንደሆነ የኔታ ያቀኑታል። አባ ጎርጎርዮስ ወደዚህ ምድር ሊመለሱ ተነሥተው በባሕር ቀርተዋል። የጎታው በጋና የሮሙ ገዳም ያተረፉላቸው የቃል መዝገብ ግን በሁለቱም ልሳን፣ በግእዝም በአማርኛም፣ ስማቸውን ይዞ እስከ ዛሬ አለ።